ከማሪዮ ጌሞች የቱን ልጀምር ላልከው

በ«ሱፐር ማሪዮ ወርልድ» ጀምር። «አንድ ብቻ ብጫወት የቱን?» ላልከው መልሴ እሱ ነው፤ በእኔ ደረጃም አንደኛ ነው። ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ማሪዮ የሚጋልበው ዳይኖሰር፣ ዮሺ፣ መጀመሪያ የታየው እዚህ ነው። 96 መውጫዎች (ቦታዎቹን ጨርሰህ የምታልፍባቸው) አሉት፣ የተደበቁም አሉባቸው። አንዱን ቦታ ጨርሼዋለሁ ብለህ ከርመህ ስትመለስ ቁልፍ ታገኛለህ፣ ካርታው ላይም አዲስ መንገድ ይከፈታል። ያቺ ደስታ ሌላ ናት። ሴቭም ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 3» (1988)። አንዳንድ ቀን አንደኛ አደርገዋለሁ። ግን በድሮው ካሴት ሴቭ የለውም፤ መብራት ከጠፋ አለቀልህ።

ሦስተኛ «ሱፐር ማሪዮ ኦዲሴይ» (2017)። አራተኛ «ሱፐር ማሪዮ 64» (1996)፤ ሲወጣ ጉድ ተብሎለት ነበር፣ ዛሬ ግን ካሜራው ያናድዳል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። በ1986 ጃፓን ውስጥ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ 2» ተብሎ የወጣውን፣ በኋላ «ሎስት ሌቭልስ» የተባለውን፣ ለመጀመሪያ እንዳትነካው። እኔ በእሱ ጀምሬ ጆይስቲክ ወርውሬያለሁ። ማሪዮን የሚያሳድገውን እንጉዳይ አገኘሁ ስትል መርዝ ይሆንብሃል። ዓለም 3 ላይ ደግሞ አቋራጭ መስሎህ የገባህበት ቱቦ ወደ ዓለም 1 ይመልስሃል።