ሚረርለስ ወይስ ውሃ የማይፈራ ኮምፓክት? ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት ሁለቱንም ዓይነት ካሜራ ይዤ ዞሬያለሁ። አንዱ ሚረርለስ የሚባለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር የጀማሪ ካሜራ ነው። ሌላው ኪስ የሚገባ፣ ይዘውት ውሃ ውስጥ የሚጠልቁበት ኮምፓክት ነው። "መግዛት የምችለው አንዱን ብቻ ነው፣ የቱን ልግዛ?" የሚል ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ፎቶ ያነሳሉ። እውነት ለመናገር በዓይን የሚታይ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሴንሰሩ ነው፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን ከሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። ውሃ በማያስገቡት ኮምፓክቶች ውስጥ ያለው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። እንደ ሶኒ ኤ6100 ወይም ኒኮን ዜድ30 ባሉ ጀማሪ ሚረርለሶች ውስጥ ያለው ደግሞ ኤፒኤስ-ሲ ይባላል፤ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱ ሲሰላ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋል።

ጠራራ ፀሐይ ላይ የተነሱትን ፎቶዎች በስልክ ብታዩ ላትለዩአቸው ትችላላችሁ። ልዩነቱ የሚወጣው ሲመሽ ነው። የኮምፓክቱ ፎቶ ጥላው ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀጉር ዘለላው አይለይም፣ እንደተቀባ ቀለም አንድ ላይ ይለጠፋል። ሚረርለሱ እዚያው ቆሞ የቅንድብን ፀጉር አንድ በአንድ ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ ግን ቲጂ የሚባለው ውሃ የማያስገባ የኦሊምፐስ ኮምፓክት ሌንሱ ኤፍ 2 ነው። ከሚረርለስ ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ ኤፍ 3.5 ወይም 4.5 ነው። የሌንሱን ቀዳዳ የሚለካው የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን ይበዛል ሲባል ነው የማውቀው። ታዲያ ኮምፓክቱ አይበልጥም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። የኤፍ ቁጥር የሚነግርህ በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነው። ዝናብ አስብ። ኤፍ 2 ዶፍ ነው፣ ኤፍ 4 ካፊያ ነው። ዶፉ ግን የሚወርደው ብርጭቆ ላይ ነው። ካፊያው ሳፋ ላይ ይወርዳል። በስተመጨረሻ ብዙ ውሃ የሚገኘው ከሳፋው ነው።

በቁጥር እንየው። ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 4 ስትሄድ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሴንሰሩ ግን 13 እጥፍ ስለሚሰፋ በጠቅላላው 3 እጥፍ ያህል ብልጫ ይቀርልሃል። ዙም ስታደርግ ደግሞ ኤፍ 2 የሚባለው ነገር ይቀራል። የቲጂው ሌንስ ጫፉ ላይ ኤፍ 4.9 ነው። ሚረርለሱ ላይ ግን አንድ ቀን ኤፍ 1.8 የሆነች ትንሽ ሌንስ ትገዛና ጨዋታው ጨርሶ ይቀየራል። ኮምፓክቱ ላይ ይህ በር የለም። ይዘኸው የገባኸውን ሌንስ ይዘህ ትኖራለህ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሚረርለስ ግዙ ብለህ ጨረስክ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጨረስኩም። ካሜራ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ስልክሽን ክፈቺና ያለፈውን አንድ ዓመት ፎቶ ከላይ እስከ ታች እይው። ከዚያ በስልክሽ የሌሉትን አስቢ፤ ማንሳት ፈልገሽ ያመለጡሽን። ለምን አመለጡሽ?

ቤት ውስጥ ጨልሞ፣ ልጁ ሮጦ፣ ወፏ ርቃ ከሆነ መልስሽ ሚረርለስ ነው። አያጠራጥርም። ያመለጡሽ ግን ስልኩን እንዳላረጥበው፣ አሸዋ እንዳይገባበት፣ እንዳይወድቅብኝ ብለሽ ቦርሳ ውስጥ ስለተውሽው ከሆነ መልሱ ኮምፓክቱ ነው። ሴንሰሩ የፈለገ ያህል ቢሰፋ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። እኔ በቀን ብርሃን ከሆንኩ ጀልባ ላይ ሁልጊዜ ኮምፓክቱን ነው የምይዘው። እጄ ሳይሳቀቅ ስለማነሳበት የተሻሉ ፎቶዎች አገኛለሁ።

"ለማንኛውም ይሁን" ብለው ኮምፓክቱን የሚገዙ ግን ያሳዝኑኛል። በዓመት ሁለት ቀን ለምትዋኙት ስትሉ የቀረውን 363 ቀን በትንሽ ሴንሰር አታሳልፉ።

ጥያቄ፦ ሚረርለስ ትንሽ ፍንጣቂ አይችልም? እኔ መጥለቅ አልፈልግም፣ ውሃ ዳር መቆም ብቻ ነው።

መልስ፦ ውዶቹ ሞዴሎች ላይ መገጣጠሚያው ሁሉ በጎማ ይታሸጋል። ጀማሪዎቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ የለም። ካነን አር50 የለውም፣ ሶኒ ኤ6100 የለውም፣ ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 4ም የለውም።

የራሴን ልንገርህ። ማዕበል የሚመታው ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ሳነሳ ካሜራው ላይ የባህር ፍንጣቂ አረፈበት። ጥቂት ጠብታ ነው። በሸሚዜ ጠረግኩና ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን የማንሻው ቁልፍ ሲጫኑት ወርዶ እዚያው ይቀር ጀመር። የባትሪውን ክዳን ስከፍት የብረት ነጥቦቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል። ያ ካሜራ አልተመለሰም። የጎዳው ጨው ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው ይቀራል፣ አየር ላይ ያለውን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ባህር ዳር ሚረርለስ ከያዝክ በንጹህ ውሃ ርሶ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይኑርህ። በዚያ ጠርገው፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ድገመው። ሌንስ እዚያ ቆመህ አትቀይር።

ጥያቄ፦ ለሚረርለሱ ውሃ የማያስገባ ማቀፊያ ብገዛለትስ? ሁለቱንም አገኘሁ ማለት አይደለም?

መልስ፦ ሀውዚንግ የሚባለውን ማለትህ ነው። ይሠራል፤ ባለሙያዎቹም የሚጠልቁት በሱ ነው። ግን አስቀድመህ እወቅ፦ ማቀፊያው ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው የሚሠራው። ካሜራውን ስትቀይር እሱም አብሮ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ከካሜራው በላይ ያስወጣል። ግዙፍ ነው፣ ከውሃ ውጭ ይከብዳል። ለጀማሪ አልመክርም። ስልክ የሚከተትበት ዓይነት የፕላስቲክ ከረጢት ደግሞ ለሚረርለስም ይሸጣል። በሱ ካሜራዬን አላጠልቅም።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ሰማያዊና ጭጋጋማ ሆነብኝ። ካሜራው ነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ አይደለም፣ ውሃው ነው። ሚረርለስ ብትገዢም ያው ነው የሚሆነው። ስለዚህ ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ውሃ ብርሃንን እኩል አያሳልፍም። መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። አምስት ሜትር አካባቢ ስትደርሺ አብዛኛው ቀይ ጠፍቷል። ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ቢጫው ይሄዳል። የሚቀርልሽ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። አንድ ጊዜ ቀይ ጓንት አድርጌ ስጠልቅ እጄን አየሁት፤ ጓንቱ እንደ ተቃጠለ እንጨት ጥቁር ቡናማ ሆኗል። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ፍላሽ ሳበራበት ቀዩ ተመልሶ መጣ። ጓንቱ አልተቀየረም፤ ብርሃኑ ነው የተቀየረው።

ከዚህ የሚወጣው ትልቁ ምክር ቅረቢ ነው። የምታነሺው ነገር ከካሜራው የሚርቅበትም መንገድ ውሃ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ባለፈበት ውሃ ላይ ይደመራል። ሦስት ሜትር ርቀሽ ዙም ከማድረግ ይልቅ ዋኝተሽ ክንድሽን ዘርግተሽ በምትደርሺበት ርቀት አንሺ። ዙሙን እርሺው። ነገሮች ውሃ ውስጥ ከእውነተኛ ርቀታቸው ሩብ ያህል ቀርበው ስለሚታዩ የቀረብሽ መስሎሽ ትቆሚያለሽ፤ አሁንም ቅረቢ።

ሁለተኛው ፍላሹ ነው። ኮምፓክት ላይ ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ ፊት ለፊት ያበራዋል። ፎቶሽ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ከአንድ ሜትር በላይ ለራቀ ነገር አጥፊው። ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርገሽ አንሺ፣ ካሜራውንም የውሃ ውስጥ ሞድ ላይ አድርጊው። ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ በሮው አንሺ፤ ቀለሙን ኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል በጣም ይቀላል። ሮው የሌላቸው ውሃ የማያስገቡ ኮምፓክቶችም አሉ፣ ከመግዛትሽ በፊት አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ኮምፓክቱ ላይ "15 ሜትር" ይላል። 15 ሜትር ድረስ ያለ ስጋት መውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ ረጋ ብለህ ከወረድክ፣ በባትሪው በር ዙሪያ ውሃ የምትከለክለው ጎማም ንጹህ ከሆነች፣ አዎ። ቁጥሩ ግን የረጋ ውሃ ግፊት ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ካሜራውን ይዘህ ከከፍታ ብትዘል ውሃውን ስትመታ የሚደርስበት ግፊት ላይ ላዩንም ቢሆን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ካሜራውን ለሰው ሰጥተህ ዝለል።

ጥያቄ፦ ስልኬ አይፒ68 ነው፤ ውሃና አቧራ ይቋቋማል የሚል ደረጃ አለው። ኮምፓክት ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ድንገት ቢወድቅ ይተርፋል ማለት ነው እንጂ ይዘሽው ዋኚ ማለት አይደለም። ሙከራው የሚደረገው በንጹህ ውሃ ነው፤ ባህርና ክሎሪን ያለበት መዋኛ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የስልኩ ስክሪን ውሃ ሲነካው ጣትሽን አያውቅም፤ ያለ ትእዛዝሽ ይከፍታል ይዘጋል። የኮምፓክቱ ቁልፍ ግን ይጫናል፣ ቀጭን ጓንት አድርገሽም ቢሆን።

ጥያቄ፦ የቲጂው 12 ሜጋፒክስል በዚህ ዘመን አያንስም? አር50 እኮ 24 ነው።

መልስ፦ አያንስም። ኤ4 ወረቀት ላይ ቆንጆ አድርጎ ይታተማል። እዚህ ካሜራ ላይ ሜጋፒክስሉ አያሳስባችሁ።

ጥያቄ፦ ነፍሳትና አበባ በጣም ቀርቤ ማንሳት እወዳለሁ። ሚረርለስ አይደል የሚሻለኝ?

መልስ፦ ይገርምሃል፣ እዚህ ላይ ኮምፓክቱ ያሸንፋል። ኦሊምፐስ ቲጂ-6፣ ከሱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2023 በኦኤም ሲስተም ስም የወጣው ቲጂ-7፣ ማይክሮስኮፕ ሞድ የሚባል አላቸው። ከሌንሱ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ላይ ያለን ነገር ጥርት አድርገው ያነሳሉ። የጉንዳን ዓይን ነጥብ ነጥቡ ይታያል። በትንሽ ሴንሰር በቅርብ ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ሰፋ ይላል፣ ስለዚህ ከጉንዳኗ የበለጠው ክፍል ይያዛል። ሚረርለስ ላይ ይህን ለማግኘት ለብቻው የማክሮ ሌንስ መግዛት አለብህ። አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ያን ያህል ስትቀርብ የካሜራው ጥላ ነፍሳቷ ላይ ይወድቃል። ብርሃን ከጎን እንዲመጣ አድርገህ ቁም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የሚሮጡ ሁለት ልጆች አሉኝ። የማነሳው እነሱን ብቻ ነው ማለት እችላለሁ።

መልስ፦ ሚረርለስ፣ እህቴ። ዓይን ፈልጎ የሚይዘው ፎከስ ልጁ ዘወር ሲል አብሮ ይዞራል። ኒኮን ዜድ30 በዓይን የሚያዩበት ቪውፋይንደር የለውም፣ ካነን አር100 ስክሪኑ በጣት አይታዘዝም፤ እነዚህን ሳታዪ አትግዢ። ሁለተኛ ሌንስ ስትገዢ ረጅም ዙም ሳይሆን ኤፍ 1.8 የሆነ 35 ሚሊሜትር ይሁን።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮምፓክት ውሃ የማያስገባ ብገዛ ያስተማምናል?

መልስ፦ ደረቅ ላይ ለመጠቀም ችግር የለም። ውሃ ውስጥ ግን ማንም በማያውቀው ጎማ ላይ እምነት መጣል ነው። በባትሪው በር ዙሪያ የምትዞረው ቀጭን ጎማ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። አምራቾች በዓመት አንዴ እንድትቀየር የሚመክሩት ለዚህ ነው። አዲስም ቢሆን አንዲት ፀጉር ጎማዋ ላይ ከተጋደመች ውሃ ይገባል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከመግባቴ በፊት ደረቅ ቦታ ላይ በሩን እከፍታለሁ። ጎማዋን በብርሃን አያታለሁ፣ በጣቴ ዙሪያዋን እዳስሳታለሁ። የአሸዋ ቅንጣት ጣት ላይ ይሰማል። በሩን ዘግቼ መቆለፊያው ቀጭ ሲል አዳምጣለሁ። ካሜራው ከእጅ ካመለጠ ስለሚሰጥም የሚንሳፈፍ ማንጠልጠያ አስርበታለሁ። ስወጣ በሩን ሳልከፍት በንጹህ ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቁልፎቹን እዚያው ውሃ ውስጥ ደጋግሜ እጫናቸዋለሁ፣ ሥራቸው የተደበቀው ጨው እንዲወጣ። ከዚያ በጨርቅ ጠርጌ ጥላ ላይ አኖረዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ በፀጉር ማድረቂያም አይደለም። በሩ የሚከፈተው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው፣ እጄም ፀጉሬም ደርቀው።