ከክንፉ በፊት የልደት ቀንህን

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አዳማ ነበርኩ። ፍራንኮ አካባቢ ካለው የእናቴ ቤት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ስገባ፣ ከሚኒሶታ የመጣው ልጃቸው ሶፋው ላይ ተቀምጧል። እትዬ ገና ስኒው እጄ ሳይገባ «እስቲ አንተ ይሄን ልጅ ምከርልኝ፤ የአሜሪካን የጦር አውሮፕላን አበራለሁ እያለኝ ነው» አሉኝ። ምከርልኝ ማለታቸው «ተው በልልኝ» ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። በአሜሪካ ምድር ጦር የብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር መካኒክ ነበርኩ። አብራሪ ያልሆንኩበትን ምክንያት ግን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። ለልጁ የነገርኩትም እሱን ነው፤ አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ልጅ ለምታሳድጉ፣ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

ናዝሬት ያደገ ሰው (እኛ አሁንም ናዝሬት ነው የምንለው) የጦር አውሮፕላን ብርቁ አይደለም። ደብረ ዘይት ቅርባችን ነው። ሚጎቹ ሲያልፉ ኳሱን ትተን ወደ ሰማይ እናንጋጥጥ ነበር። ምኞቱ ከዚያ ጀምሮ አለ።

የተወለድኩት ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1980 ማለት ነው። የዲቪ ፎርም የሞላልኝ ልጅ 1972ን ሳይቀይር እንዳለ ገለበጠው። ሌላውም ሰነድ እሱን ተከትሎ ወጣ። በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጀሁ። ያኔ ስቀንበታል፤ ጡረታ ቶሎ ትወጣለህ ተብዬ ተቀልዶብኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. በግሪን ካርድ ወታደርነት ስገባ የመለመለኝ ሰውዬ «ግባ እንጂ፣ አብራሪነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል» አለኝ። ዜግነቱ በአገልግሎቴ ምክንያት ቶሎ መጣ። ለሄሊኮፕተር አብራሪነት ላመለክት ስሄድ ግን እኔ የ26 ዓመት ጎረምሳ፣ ወረቀቴ የ34 ዓመት ጎልማሳ። የዕድሜው ጣሪያ አልፎሃል ተባልኩ። ቀኑን ላስተካክል ብል ደግሞ፣ በዚያ የልደት ቀን ምዬ ዜጋ ሆኛለሁ። ከመሐላው በኋላ፣ ስህተቱ የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ካልሆነ በቀር፣ በዜግነት ወረቀት ላይ ያለን የልደት ቀን ማስቀየር በጣም ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች የሚያበሩትን ሞተር እየጠገንኩ ኖርኩ።

ስለዚህ ዜግነት ልትጠይቁ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የራሳችሁንም የልጆቻችሁንም የልደት ቀን ከመሐላው በፊት አመሳክሩ። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑንም። አብራሪነት ከዕድሜ ጋር የሚሮጡት ሩጫ ነው፤ በአሜሪካ አየር ኃይል የበረራ ሥልጠናውን 33 ዓመት ሳይሞላ መጀመር ያስፈልጋል። በስደት ላይ ቋንቋው፣ ኮሌጁ፣ ለዜግነት የሚጠበቀው አምስት ዓመት ሲደመር ጊዜው ሳይታወቅ ያልቃል።

«ግባ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል» የሚለውንም ልብ በሉ። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ግን አልተነገረኝም። በግሪን ካርድ ተራ ወታደር መሆን ይቻላል። አብራሪ መሆን ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም የአየር ኃይልም የባሕር ኃይልም አብራሪ መኮንን ነው፣ መኮንን ለመሆን ደግሞ ዜግነትና የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ምድር ጦሩ ለየት ይላል። ሄሊኮፕተር የሚያበሩት አብዛኞቹ ዋራንት ኦፊሰር የሚባሉ ናቸው፤ ለእነሱ ዲግሪ ግዴታ አይደለም፣ ዜግነት ግን ግዴታ ነው። ዲግሪ ያለው ልጅ «መጀመሪያ ወታደር ሁን» ሲሉት ተቻኩሎ እንዳይፈርም። ኮሎራዶ ያለው የአየር ኃይሉ አካዳሚ አለ፣ ኮሌጅ እየተማሩ የሚገቡበት አር ኦ ቲ ሲ አለ፣ ከተመረቁ በኋላ የሚገቡበት የመኮንኖች ማሠልጠኛም አላባማ ውስጥ አለ።

ልጁን «ግሪን ካርድህ መቼ ነው የሚያበቃው?» አልኩት። ነገረኝ። «አባትህ ዜጋ የሆነው መቼ ነው?» ስለው «እኔ 17 ዓመቴ እያለ፤ አብረን ነበር የምንኖረው» አለ። ሳቄ መጣ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ሳይሞላው ወላጁ ዜጋ ከሆነና ልጁን የሚያሳድገው እሱ ከሆነ፣ ልጁም ያለማመልከቻ ዜጋ ይሆናል። ይሄ ልጅ ሰባት ዓመት ዜጋ ሆኖ፣ ዜግነት የምጠይቀው መቼ ነው እያለ ይጨነቃል። የቀረው ፓስፖርት ማውጣት ብቻ ነው። ስንት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ይኖር ይሆን?

ቀጥሎ የሚመጣው የመንግሥት ሚስጥር ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ፣ እነሱ ክሊራንስ የሚሉት ነው። ፎርሙ ረጅም ነው፤ የእኛን ሰው የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳይሆን መልሱ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችህን ይጠይቅሃል። ለማን ገንዘብ እንደምትልክ ይጠይቅሃል። አዳማ ላይ ቦታ ወይም ቤት ካለህ ይጠይቅሃል። ለእናት በየወሩ መላክ ወንጀል አይደለም፤ መደበቁ ነው ወንጀል የሚሆነው። የእህት ስም መርሳት ይቅር ይባል ይሆናል፣ ሆን ብሎ መተው ግን አይባልም። ስለ ጫትም ላንሳ፣ እትዬ ወደ ጓዳ ሲገቡ ለልጁ በጆሮው የነገርኩት ነው፤ እዚህ ለእረፍት መጥተህ ከጓደኞችህ ጋር በርጫ ላይ የምትቀመጥበት ቅጠል፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን እኩል በተከለከሉት መደብ ነው የተመዘገበው። «የአገሬ ባህል ነው» ብሎ ነገር የለም።

ዓይንን የሐኪም ጉዳይ ነውና አልፈዋለሁ። በትናንሽ ኤርፖርቶች ከፍለህ የምትበራቸው ጥቂት ሰዓታት ግን በአየር ኃይል መመረጫ ነጥብ ላይ እንደሚታሰቡ እወቅ።

እትዬ ሁሉንም ዝም ብለው ሰምተው «ለሰው አገር ሊዋጋ?» አሉ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ማለሳለስም አልፈለግኩም። ይሄ የጦር ሠራዊት ነው፣ ሂድ ያሉህ ቦታ ትሄዳለህ። አየር ኃይሉ ክንፍ፣ ማለትም የአብራሪነቱን ምልክት፣ ካደረገልህ በኋላ 10 ዓመት ያስፈርምሃል። የመንገደኛ አውሮፕላን ለማብረር የፈለገ ሰው ይሄን አቋራጭ ብሎ እንዳያስበው። ተመልሶም ደብረ ዘይት ገብቶ ማብረር የለም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ይለቃል፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ መከላከያ ውስጥ በቋሚነት መቀጠርን ይከለክላል። ይሄን ካወቀ በኋላ የሚወስነው እሱ ነው። ለእትዬ ግን ጆን ሮቢንሰንን አነሳሁላቸው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ መጥቶ ለእኛ የበረረ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በ1954 ሞቶ አዲስ አበባ የተቀበረ። «እሱ እኮ ለተጠቃ ነው የመጣው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይተው ግን ተነስተው ጓዳ ገቡ። የቆርቆሮ ሣጥን ሲከፈት ሰማን። ሕፃን እያለ የተከተበበትን ካርድ ይዘው ወጡ፤ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ ቀለሙ ግን ይነበባል፤ ጥቅምት 3 ቀን 1993 ዓ.ም.። ልጁ ግሪን ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ኦክቶበር 3፣ 2000 ይላል። ወሩንና ዓመቱን ቀይረው ቀኑን ረስተውታል፤ በትክክል ኦክቶበር 13 ነው። ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። እትዬም «በል ሁለተኛው ቡና ሳይበርድ» አሉ።