ከሰው ወደ ዕቃ?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ረዳት አብራሪ ነኝ። ቤታችን ቀበና ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አለችን። አሁን የምሠራው መንገደኛ በማመላለስ ሲሆን በቅርቡ ወደ ትልቅ አውሮፕላን ልሸጋገር ነው። በዚህ መሀል አንድ የውጭ የጭነት ድርጅት ጠራኝ። 17 ቀን ሠርቼ 13 ቀን ሙሉ አዲስ አበባ እሆናለሁ፤ ደመወዙም ይበልጣል። ግን በረራው አብዛኛው የሌሊት ነው። እናቴም «ሰው ከማመላለስ ዕቃ?» ብላ አዝናለች። ባለቤቴ «ጭነቱን ምረጥ፣ እንደ ኮሮናው ጊዜ ይሆንልናል» ትላለች። እኔ ለእነሱ ስል መንገደኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የቤተሰብ ቲኬት አለ፣ ክብርም አለው። እሷ ሙያውን ስለማታውቅ ልትረዳኝ አልቻለችም። በ2012 በረራ ቆሞ አራት ወር ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ በሕይወቴ ከባዱ ነበር፤ ደመወዜ ባይቋረጥም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ቤት ቁጭ ብዬ ልጄ ውሃ ጠምቷት እኔን አልፋ እናቷ ጋ ሄደች። የመልስ ጊዜ አንድ ወር ነው የሰጡኝ። የትኛው ይሻለኛል ይላሉ?

(ደብዳቤው ረጅም ስለነበር ሁለት ገጽ የደመወዝ፣ የአበልና የሰዓት ስሌት አውጥተናል።)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ አብራሪ አይደለሁም። ስለ ሥራው የማውቀውን ቶሎ ልበልና ወደ ቤትህ ልግባ።

የሌሊቱ ነገር ቀላል አይደለም። ሰውነታችን ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው በጣም የሚዝለው። የቀን እንቅልፍ ደግሞ ያጥራል፣ ይቆራረጣል፣ የሌሊቱን አይተካም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2014 የአብራሪዎችን የዕረፍት ሕግ ሲያጠብቁ የጭነት በረራን ከግዴታው ውጪ ነው የተዉት። የጠራህ ድርጅት በየትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ ሳትፈርም ጠይቅ። ለባለቤትህም ከ13ቱ ቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእንቅልፍ እንደሚያልቁ ከአሁኑ ንገራት።

ለእናትህ ደግሞ የጭነቱ ቦይንግ 777 የሚጠይቀው ፈቃድ ከመንገደኛው 777 ጋር አንድ እንደሆነ ንገራቸው። 100 ቶን ገደማ ተጭኖበት በሌሊት የሚነሳ አውሮፕላን ለማንም አይሰጥም። በ2012 መንገደኛው ሲጠፋ ወንበር እየተነቀለ ጭነት ሲጫን አይተናል። እናትህ እንደሚያፍሩብህ ግን አልተሰማኝም። ዘመድ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲላቸው የሚመልሱት ነው የጨነቃቸው። ይለመዳል።

አሁን ወደ ደብዳቤህ። ሁለት አረፍተ ነገሮች ጽፈሃል። በመካከላቸው ያ ሁሉ ስሌት ስለገባ የሚገናኙ አይመስሉም። አንዱ የባለቤትህ ነው፦ «እንደ ኮሮናው ጊዜ ይሆንልናል።» ሌላው የአንተ ነው፦ «በሕይወቴ ከባዱ ነበር።» የምታወሩት እኮ ስለዚያው አራት ወር ነው! ያው ቤት፣ ያው ሳሎን፣ እነዚያው ሦስት ሰዎች። እሷ እንዲመለስላት ትፈልጋለች። አንተ እንዳይመለስብህ ትፈራለህ። ይህን እስከ ዛሬ የተነጋገራችሁበት አይመስለኝም።

ገንዘብ ነበር እንዳልል ደመወዝህ አልተቋረጠም። ሰው ታሞብህም ከሆነ አልጻፍክም። ታዲያ ምን ነበር የከበደህ? ከቆረጥነው ውስጥ አንድ መስመር ልመልስ፦ «የኩሽናውን ዕቃ በሥርዓት ብደረድርላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ቤታችሁ ያለ አንተ መኖርን ተምሯል፤ መማርም ነበረበት። አንተ ሰማይ ላይ እያለህ ልጅቷ አተኩሷታል፣ ውሃ በፈረቃ መጥቷል፣ ጋዝ አልቋል። ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘው በዚያ መሀል ነው። በርበሬው ከምድጃው ጎን የተቀመጠው ምናልባት ሕፃን ያቀፈች ሴት በአንድ እጇ እንድትደርስበት ይሆናል። አንተ መጥተህ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልከው። ለዓይን ሳያምር አልቀረም። በሙያህ ሁለት አብራሪዎች መሪ ሲቀባበሉ አንዱ «ይዣለሁ» ሳይል ሌላው አይለቅም አይደል? ኩሽና ውስጥ ግን ማንም ሳይለቅልህ ነው የያዝከው። አዲስ አውሮፕላን ለመልመድ ስንት ሳምንት ክፍል ተቀምጠህ፣ ስንት ሰዓት ሲሙሌተር ገብተሃል? ለቤትህ ግን አንድም ቀን ተማሪ አልሆንክም።

እኔ ጋ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችም ይመጣሉ። ነገሩ ያው ነው። አባት ሲመጣ ዶሮ ይሠራል፣ ልጆች «ዝም በሉ፣ አባባ ተኝቷል» ይባላሉ። ሁለት ቀን ደስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ዶሮው ያልቅና ሰውየው በገዛ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል። ያኔ ወይ ጥፋት መፈለግ ይጀምራል፣ ወይ የሚሄድበትን ቀን ይቆጥራል። ለአንተ 13 ቀን ማለት አሥራ አንድ «ሦስተኛ ቀን» ይመስለኛል።

ልጅህ አልናቀችህም። የፈላው ውሃ የትኛው ጆግ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀውን ሰው ነው የጠየቀችው። ለመሆኑ አንተ ታውቀዋለህ? የእሷስ ኩባያ የቱ ነው?

«ሙያውን ስለማታውቅ» ያልከውን ግን አልቀበልህም። የአውሮፕላን ዓይነት ላታውቅ ትችላለች። የበረራ ፕሮግራምህን ግን ከአንተ እኩል ነው የምታውቀው፤ በዓሉን፣ ልደቱን፣ የሐኪም ቀጠሮውን ሁሉ በእሱ ስትለካ ነው የኖረችው። ቲኬቱንም ስንቴ እንደተጠቀማችሁበት አልጻፍክልኝም። እሷ ቲኬት አልጠየቀችህም፤ ቀን ነው የጠየቀችህ። መንገደኛውን ብትመርጥ ነውር የለውም፤ ሥራን መውደድም ጥፋት አይደለም። ብቻ «ለእነሱ ስል» አትበል። «ቤት ስውል ምን እንደማደርግ አላውቅም» በላት። ከአፍ ለማውጣት ይከብዳል፤ እሷ ግን ሳትነግራትም ሳታውቀው የቀረች አይመስለኝም።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ያየሁት ወረቀት እንጂ አንተን አይደለም። ቢሆንም ከመፈረምህም ከመተውህም በፊት፣ ከቻልክ የዓመት ፈቃድህን ወስደህ ሁለት ሳምንት ቤት ዋል። አንድ ሥራ ብቻ ያዝ። ለምሳሌ ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት ማድረስ ይሁን፤ ጸጉሯ የሚያዝበትን ከእናቷ ተማር፣ አታርም። ባለቤትህን ደግሞ ያ አራት ወር ለምን እንደጣማት ጠይቃትና ሳታቋርጥ ስማ። መልሷ ከእኔ ግምት ሊለይ ይችላል። ድርጅቱንም ትንሽ ጊዜ እንዲጨምርልህ ብትጠይቅ አይጎዳህም።

ከዚያ በአካል ብንነጋገር ይሻላል፤ ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ቢሮዬ አምባሳደር አካባቢ ነው፣ ከቀበና ሩቅ አይደለም። ግን ሁለታችሁም ኑ። ብቻህን ከመጣህ ያንን ስሌት እንደገና ታወጣብኛለህ ብዬ እሰጋለሁ።