«ቃሉ አውራጃ» የት ገባ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ከሟች አያቴ ሣጥን ውስጥ አንድ የግብር ደረሰኝ አገኘሁ። ከላዩ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ቃሉ አውራጃ» ይላል፤ ከሥሩ የመሬት ግብር፣ አሥራት፣ የትምህርትና የጤና ግብር በየረድፉ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቱን ብል በልቶታል። መሬቱ ባቲ ገጠር እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ያሳየኋቸው አንድ ሠራተኛ ግን «ባቲ ቃሉ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአያትዎ ደረሰኝ አልተሳሳተም። ሠራተኛው የዛሬውን ቃሉ ወረዳ አስበው ነው የመለሱልዎ፤ ደረሰኙ የሚናገረው ግን ስለ ቃሉ አውራጃ ነው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ የሚለው እርከን በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ የተደነገገ ሲሆን፣ መቀመጫውን ኮምቦልቻ ያደረገው ቃሉ አውራጃም ከደሴ ዙሪያ፣ ከአምባሰል፣ ከቦረና፣ ከየጁና ከሌሎቹ የወሎ አውራጃዎች ጋር የሚቆጠር፣ ባቲንና ጨፋን ጭምር የሚያቅፍ ሰፊ ግዛት ነበር።

ብል የበላውን ዘመን ደግሞ የተረፉት ረድፎች ይነግሩናል። የጤና ግብር የመጣው በ1950ዎቹ መባቻ ነው፤ አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ተሽሯል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተጻፉበት ደረሰኝ እንግዲህ በእነዚህ መካከል የተቆረጠ መሆን አለበት። «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ቃልም ይህንኑ ያጸናል፤ በደርግ ዘመን ቢሆን ኖሮ «ክፍለ ሀገር» ይል ነበር።

አውራጃ የቀረው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7 ክልላዊ አስተዳደሮችን ሲያቋቁም ወረዳ መሠረታዊው እርከን ሆነ። ከዚያ በኋላ ባቲ በአማራ ክልል ውስጥ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሲገባ፣ የቃሉ ስም በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው፣ ደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ በሚገኘው ወረዳ ላይ ብቻ ቀረ። አንድ ስም ሁለት የተለያየ ስፋት ያለው መሬት ስለያዘ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት «አድራሻው አይገጥምም» ተብሎ ሲመለስ እኛንም ያሳዝነናል።

ማመልከቻ ሲጽፉ የድሮውን አድራሻ ሳይለውጡ እንዳለ ገልብጠው፣ ቀጥሎ «ዛሬ ባቲ ወረዳ» ብለው ቢያክሉ ግራ መጋባቱ ይቀንሳል። ማኅተሙንም በብርሃን ደህና አድርገው ይመልከቱት፤ የምክትል ወረዳው ስም ከተነበበልዎ፣ ቦታውን ለማወቅ ከአውራጃው ስም ይልቅ የሚጠቅምዎ እርሱ ነው።