ኢምብሮይልድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ዜና ላይ «ኢምብሮይልድ ኢን» የሚል ይደጋገማል። «ኢንቮልቭድ ኢን» ከሚለው በምን ይለያል?

መልስ፦ «ኢንቮልቭድ» ለበጎውም ለክፉውም ይሆናል፤ በበጎ አድራጎትም በወንጀልም መሳተፍ ሊሆን ይችላል። «ኢምብሮይልድ» ግን ለጠብ፣ ለክስ፣ ለቅሌትና ለጦርነት ነው፤ የገባበት ሰውም በቀላሉ አይወጣም። የእኛ «ተዘፈቀ» ጥሩ አድርጎ ይተካዋል። አሜሪካ በቬትናም የሆነችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ እዚያ የነበሯት አማካሪ የተባሉ 16,000 ገደማ ወታደሮች ነበሩ፤ በ1968 የወታደሮቿ ቁጥር ከ500,000 አለፈ።

ጥያቄ፦ ስለ ቃኘው ሻለቃ ስጽፍ «ኢትዮጵያ ዋዝ ኢምብሮይልድ ኢን ዘ ኮሪያን ዎር» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ እኛ አንመክርም። ኢትዮጵያ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ጦሯን ወደ ኮሪያ የላከችው በተባበሩት መንግሥታት ሥር፣ አስባና ወስና ነው። ይህ ግስ ሳትፈልግ ተጎትታ የገባች ያስመስላታል፤ የዘማቾቹንም ክብር ይነካል። «ቱክ ፓርት ኢን» ወይም «ፎውት ኢን» ይበሉ።

ጥያቄ፦ «ሂ ኢምብሮይልድ ኢን ኤ ዲስፒውት» ብዬ ጽፌ መምህሬ ስህተት ነው አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው። አማርኛ «ተዘፈቀ» ሲል «ተ» ብቻዋን ሥራውን ትጨርሳለች፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛው የሚፈልገውን ረዳት ግስ እንዘለዋለን። ግሱ ተሻጋሪ ነው። ወይ «ሂ ዋዝ» ወይም «ሂ ጎት ኢምብሮይልድ ኢን ኤ ዲስፒውት» ይበሉ፣ ወይም የተዘፈቀውን ሰው ይጥቀሱ፦ «ሂ ኢምብሮይልድ ሂዝ ብራዘር ኢን ዘ ዲስፒውት»፤ ወንድሙን ጠቡ ውስጥ ከተተው ማለት ነው። ከ«ኢን» በኋላ የጉዳዩ ስም ይመጣል፣ ባላጋራው ደግሞ በ«ዊዝ» ይጨመራል፦ «ኢን ኤ ዲስፒውት ዊዝ ሂዝ ኔበር»። «ኢምብሮይልድ ቱ ፋይት» የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሥጋ ከመጥበስ ጋር ይዛመዳል? መዝገበ ቃላት ውስጥ «ብሮይል» መጥበስ ነው ይላል።

መልስ፦ አይዛመድም። «ኢምብሮይል» የመጣው ማወሳሰብ፣ ማምታታት የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው። ሲነገር ጫናው «ብሮይል» ላይ ያርፋል። ሲጻፍ በ«ኢ» ፊደል ይጀምራል፣ በ«አይ» አይደለም፤ «ኤል»ም አንድ ብቻ ናት፣ ኃላፊ ጊዜ ላይም አትደገምም።