የመስኮት ኤሲ በቤት በተሠራ ተጎታች ላይ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ (ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ)፦ ለካምፒንግ የምትሆን 5 በ8 ጫማ ተጎታች ጋራዥ ውስጥ እየሠራሁ ነው። ግድግዳዋ የ2 በ2 ኢንች እንጨት ሆኖ ከውስጥ ኮምፔርሳቶ፣ ከውጭ አልሙኒየም ለብሷል። የ5,000 ቢቲዩ የመስኮት ኤሲ ገዝቻለሁ። ጀርባው ከውጭ እንዳያስጠላ ብዬ በፊተኛው ግድግዳ በኩል፣ አልጋው እግርጌ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼው ፊቱን ብቻ ወደ መኝታው ላወጣ ነው። ለሙቀቱ መውጫ ባለ 4 ኢንች ቀዳዳ ብበሳ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ኤሲ ሙቀት አያጠፋም፤ ከውስጥ አንሥቶ ውጭ ይጥላል እንጂ። የእርስዎ ማሽን በሰዓት የሚያነሣው 5,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) በዋት 1,465 ያህል ነው። ራሱ የሚበላው 450 ዋት ገደማ ሲጨመርበት 1,900 ዋት በጀርባው ይተፋል። ቤት ውስጥ የምንሰካው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንኳ 1,500 ዋት ነው።

የባሰው ደግሞ የአየሩ አካሄድ ነው። ማራገቢያው አየር የሚስበው በቆርቆሮው ጎንና አናት ካሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ሲሆን፣ በኮንደንሰሩ (ሙቀቱን በሚለቀው የጀርባ ቱቦ) አሳልፎ በጀርባ ያስወጣዋል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ግን የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በጎኑ ይገባል። በየዙሩ እየጋለ ሲሄድ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) የሚስበው አምፔር ያድጋል፤ በመጨረሻም የራሱ መከላከያ ያጠፋዋል። በረድ ሲል ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። «ጋዙ አልቋል» ተብሎ የሚጣል ኤሲ ብዙ ጊዜ አየር ያጣ እንጂ የተበላሸ አይደለም።

ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ይተዉትና በፊተኛው ግድግዳ በኩል፣ ከመጎተቻው ምላስ (ከመኪናው ጋር ከሚያያዘው የፊት ብረት) በላይ ጀርባውን ወደ ውጭ ያውጡት። በጎን ቢወጣ ተጎታቿን ያሰፋታል፣ ከዛፍና ከአጥር ጋርም ያጋጫታል። ከፊት ሲሆን ደግሞ 40 ፓውንድ የሚሆነው ክብደቱ ምላሱ ላይ ያርፋል፤ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ምላሱ ላይ መሆን ስላለበት ይጠቅማል። ጉዳቱ የመንገድ ጠጠር፣ ዝናብና ነፍሳት ነው። ለእሱ በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ይሥሩለት፤ ሲጓዙ ዝጉ፣ ኤሲውን ከማብራትዎ በፊት ክፈቱ።

ቀዳዳውን ከመቁረጥዎ በፊት የራስዎን ማሽን ይለኩ። በዚህ መጠን ያሉት ባብዛኛው 16 ኢንች ወርድና 12 ኢንች ቁመት ቢኖራቸውም ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ። በየጎኑ ሩብ ኢንች ይተዉ። ቋሚ እንጨት መቁረጥ ግድ ከሆነ ከቀዳዳው በላይና በታች አግዳሚ ያስገቡ፤ ጫፋቸውም ካልተቆረጡት ቋሚዎች ጋር በማጣበቂያና በቪቴ ይያዝ። የጎን ክፍተቶቹ በሙሉ ከውጭኛው አልሙኒየም አልፈው መውጣት አለባቸው። ግማሹ ግድግዳው ውስጥ ከቀረ ቁም ሳጥኑን በትንሹ ደገሙት ማለት ነው።

ቤት ውስጥ የመስኮቱ ተንሸራታች ክፈፍ ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል። እዚህ ያ የለም፤ ከባዱ ኮምፕረሰርም ያለው በጀርባው በኩል ስለሆነ ማሽኑ ወደ ውጭ መገልበጥ ይፈልጋል። ሦስት አራተኛ ኢንች ውፍረት ካለው ኮምፔርሳቶ መደርደሪያ ይሥሩለት፤ ከውጭ በኩል በሁለት ባለሦስት ማዕዘን የብረት ደጋፊ ይያዝ። በመሃሉ ሩብ ኢንች ጎማ ያንጥፉ፤ ንዝረት የመዳብ ቱቦዎቹን ከጊዜ ብዛት ይሰነጥቃል። ከላይ አንግል አልሙኒየም ያድርጉለትና ፋብሪካው በተወው የቪቴ ቀዳዳ ብቻ ያጥብቁት። አዲስ ቀዳዳ በትራፓኖ ለመብሳት አይድፈሩ፤ ቱቦው ከቆርቆሮው አጠገብ ነው፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር-32 ጋዝም በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው።

ማሽኑ ወደ ውጭ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ያዘንብል። ተጎታቿን መጀመሪያ በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ኤሲውን ይለኩ። ካምፕ ላይ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሥቶ ከቆመች ውሃው አልጋዎ ላይ ይመጣል። ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ በብዙ ሞዴሎች ማራገቢያው ያንን ውሃ ሆን ብሎ እየረጨ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዝበታል። የቀረውን ክፍተት ውሃ በማይመጥ ስፖንጅ ይሙሉ። የሚነፋ ፎም አይንፉ፤ ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል፣ ለጥገናም አይወጣም። የውጭውን ጠርዝ ከስሩ በቡታይል ቴፕ ይዝጉ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ይኸው ዓይነት ኤሲ አለኝ። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሌሊቱን ያሳድረኛል? ወይስ ባለ 2,000 ዋት ጀኔሬተር ልግዛ?

መልስ፦ ባትሪዎ 1,280 ዋት-ሰዓት አለው። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ዓይነት የሚለውጠው) የሚያባክነው ሲቀነስ 1,100 ያህል ይቀራል። ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ከሠራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ግማሹን ጊዜ ካረፈ አምስት ሰዓት ያህል ነው። በእርስዎ አካባቢ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ብዙ አያርፍም። በባትሪ ለማደር ከ200 አምፔር-ሰዓት በታች አያስቡ። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን (እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ ባለ 2,000 ዋት ይሁን፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባልና። ይህ ኢንቨርተር በሙሉ ጭነት ከ12 ቮልት ባትሪ 190 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ኬብሉ አጭርና ወፍራም (ቁጥር 2/0) ይሁን፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይግባ።

ጀኔሬተሩ ያስነሣዋል፣ ግን ከፍታ ይበላዋል፤ በየ1,000 ጫማው 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በአቅራቢያዎ ባለው ቻርለስተን ተራራ ላይ 7,000 ጫማ ከወጡ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ማሽኑ አጉረምርሞ «ቀጭ» ብሎ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማራዘሚያው ነው። ቀጭኑ ባለ 16 ጌጅ ገመድ ቮልቱን ያወርዳል፤ ወፍራሙን ባለ 12 ጌጅ ይግዙ። አጥፍቶ ከማብራት በፊት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። በኤሲው ገመድ ጫፍ ያለውን ባለ መፈተሻ ቁልፍ ስፒና አይቁረጡ፤ ውስጥ ሶኬት ያስገቡለት።

ጀኔሬተሩ ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ፤ ጭሱም ከተጎታቿ ወደሚርቅበት አቅጣጫ ይዙር። ምላሱ ላይ አስረው እያስነሡ መተኛት በካርቦን ሞኖክሳይድ ያስገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይሰቅሉ አይደሩ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ግን ብርድ ልብሱ ጠዋት ርጥብ ነው። ወደ 10,000 ቢቲዩ ልቀይር?

መልስ፦ ቢቀይሩ ይብስብዎታል። ትልቁ ማሽን ትንሿን ክፍል በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ እርጥበት ለማውጣት ግን ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ያስፈልገዋል። ይልቅ ማራገቢያው ከኮምፕረሰሩ ጋር አብሮ እንዲቆም ቁልፉን ኃይል ቆጣቢው ላይ ያድርጉት። ሳያቋርጥ ከዞረ ቱቦው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። የመስኮት ኤሲ የሚያዞረው የውስጡን አየር ስለሆነ የጣሪያውን መተንፈሻ በጣት ስፋት ይክፈቱ፤ ይህ ለትንፋሻችሁ ነው እንጂ እርጥበቱን አይቀንስም።

ከፊት በረዶ ከያዘ ወይ ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ወይ የውጭው አየር ከ70 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወርዷል። በረዶውን በቢላ አይፈቅፍቁ፤ ማራገቢያውን ብቻ አዙረው ያቅልጡት፣ ማጣሪያውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው ሲደርቅ ይመልሱ።