ኤፒ ወስዶ ቢ ይሻላል ወይስ ቀላሉን ወስዶ ኤ?

ጃንዋሪ ሲገባ ምክር ፈልጎ የሚደውልልኝ ወላጅ ይበዛል። የአሜሪካ ሃይስኩሎች የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት የሚያስመርጡት በዚሁ ሰሞን ነው። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ልጄ ኤፒ ይግባና ቢ ያምጣ ወይስ ቀላሉን ይዞ ኤውን ይሰብስብ?» ኤፒ የሚባለው ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ፣ በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀ ከባድ ትምህርት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህን ሲጠየቁ «ከባዱን ወስዶ ኤ ቢያመጣ ይሻላል» ይሉና ወላጁን አስቀው ያልፋሉ። ይሄ መልስ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ያን ውጤት ቁጭ ብሎ የሚያየው ማነው?

እኛ ያደግነው የክፍሉ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት በሚማርበት ሥርዓት ነው። ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ተብለን ነው የተጠየቅነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማትሪክ አለ፤ ሁሉንም የሚለየው እሱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ኤ ተደርድሮ ስናይ ልባችን ይሞላል። ኤው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ መጠየቅ ትዝ አይለንም። እዚህ ግን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንዱ ትምህርት መደበኛ፣ ኦነርስ (ከመደበኛው ከበድ ያለ)፣ ኤፒ ወይም አይቢ (እንደ ኤፒ ከባድ የሆነ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም) የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኤዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ሂሳቡን እንየው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓይነት ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤት፣ ያወጣሉ። አንዱ ክብደት የሌለው ነው፤ ኤ የትም ቢመጣ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነው። ሌላው ዌትድ የሚሉት፣ የትምህርቱን ክብደት የሚያስበው ነው። በተለመደው አሠራር ኤፒ ላይ 1 ነጥብ፣ ኦነርስ ላይ ግማሽ ነጥብ ይጨመራል። እንዲህ ከሆነ የኤፒ ቢ 4 ነው፤ ከመደበኛው ኤ ጋር እኩል ማለት ነው። የኦነርስ ቢ 3.5 ላይ ይቀራል። የኤፒ ሲ 3 ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ መስመር የማሰምረው፦ ቢ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ሲ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የየአውራጃው አሠራር ስለሚለያይ የእናንተን ትምህርት ቤት ሕግ ጠይቁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚላከው የውጤት ወረቀት፣ ትራንስክሪፕቱ፣ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ትምህርት ቤቱ ስንት ኤፒ እንደሚሰጥና ውጤት እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ስኩል ፕሮፋይል የሚባል ወረቀት አብሮ ይላካል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው ቅጽ የሚያመለክት ልጅ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩ፣ የልጁ የትምህርት ምርጫ በዚያ ትምህርት ቤት ካለው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አለ። ስለዚህ ሦስት ኤፒ ብቻ ካለበት ትምህርት ቤት ሦስቱንም የወሰደ ልጅ ሃያ ካለበት ሦስት ከወሰደው ልጅ ጋር እኩል አይታይም። ትምህርት ቤታችን ደሃ ሰፈር ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ።

እንግዲህ ውጤቱን ማን ያየዋል? አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ ከሆነ ሆፕ የሚባለውን የጆርጂያ ስኮላርሺፕ ታስባላችሁ። ሆፕ የራሱን ጂፒኤ ነው የሚያሰላው። የትምህርት ቤቱን ጭማሪ አውጥቶ፣ ዋና ዋናዎቹን ትምህርቶች ብቻ ይዞ፣ በኤፒ ለመጣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ግማሽ ነጥብ ይጨምራል። መግቢያው 3.0 ነው፤ ከፍ ያለው ዜል ሚለር 3.7 ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ከባድ ከሚባሉት ትምህርቶች ዝርዝር የተወሰነ ክሬዲት መኖር አለበት። 3.1 ላይ የሚንጠለጠል ልጅ ሦስት ኤፒ ውስጥ ገብቶ ሲ በሲ ቢሆን የሚያጣው ጥሬ ገንዘብ ነው። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ፍርሃት አይደለም።

ዳላስ ወይም ሂውስተን ከሆናችሁ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ፤ ከክፍላቸው ከላይ 10 በመቶ ውስጥ የሚወጡትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይቀበላሉ። ኦስተን ያለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ቁጥሩን አጥብቦታል፤ ለ2026 ገቢዎች 5 በመቶ አድርሶታል። «ስንተኛ ወጣህ» እዚህ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደረጃው የሚወጣው በዌትድ ጂፒኤ ስለሆነ ቀላሉን መርጦ ንጹህ ኤ የሰበሰበ ልጅ ከባዱን ከወሰዱት በታች ሊወድቅ ይችላል።

ዩሲ የሚባለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት የ10ኛና የ11ኛ ክፍልን ውጤት ይዞ ራሱ ያሰላል። የ9ኛ ክፍል ፊደል ጂፒኤው ውስጥ አይገባም። የሚጨመረው የክብደት ነጥብም ከስምንት ሴሚስተር አያልፍም። ከዚያ በላይ ኤፒ መከመር ለዚያ ቁጥር ምንም አይጠቅምም፤ ጥንካሬን ለማሳየት ካልሆነ በቀር። ስማቸው የገነኑት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ግን ሁለቱም ይፈለጋል፤ ከባዱም፣ ኤውም። እነሱ ጋ ቀላሉን መርጦ መግባት ዘበት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወላጅ የሚዘነጋው የሂሳብ ትምህርት ነው። ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ ውሳኔው ግን የተወሰነው ሚድል ስኩል ላይ ነው። በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 የወሰደ ልጅ በ9ኛ ጂኦሜትሪ፣ በ10ኛ አልጀብራ 2፣ በ11ኛ ፕሪካልኩለስ፣ በ12ኛ ካልኩለስ ይደርሳል። በ9ኛ የጀመረው ፕሪካልኩለስ ላይ ያበቃል። ልጁ «ኢንጂነር እሆናለሁ» ካለ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ልጁ የትኛው የሂሳብ መስመር ላይ እንደተመደበ ነገውኑ ጠይቁ። ካመለጠ ጂኦሜትሪን በክረምት ወስዶ አንድ ዓመት ማካካስ በብዙ ቦታ ይቻላል። ኤፒ ኢኮኖሚክስ ቢዘለል ብዙም አይጎዳም። ሂሳብ ላይ ግን ቢ ይሁን፣ መስመሩ አይቋረጥ ባይ ነኝ።

በ15 እና በ16 ዓመታቸው ከአገር ቤት የሚመጡ ልጆች ነገር የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይበደላሉ። እንግሊዝኛቸው ገና ስለሆነ ኢሶል ወደሚባለው እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ ክፍል ይገባሉ፤ ይሄ ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያ ጋር አብሮ ሂሳቡም ዝቅ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር 10ኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ አልጀብራ 1 ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያዛጋ ታገኙታላችሁ። የእኛ አገር ሂሳብ አልጀብራውንም ጂኦሜትሪውንም በየክፍሉ ደባልቆ ነው የሚያስተምረው። እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ስም አለው። ወረቀቱን የሚገመግመው ሰው «ማቲማቲክስ ግሬድ 10» የሚለውን አይቶ የት እንደሚያስገባው ግራ ይገባዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማኅተም ያለበትን ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ኑ። የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ የማውጫውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ። የምደባ ፈተና እንዲሰጠው ጠይቁ። የ12ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ካልኩለስ እንዳለበት ሲያዩ የሚገረሙ አሉ።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ኤፒ ካልኩለስ ከኤፒ ዩኤስ ሂስትሪ ይቀለዋል። ታሪኩ በሳምንት ብዙ ገጽ የሚነበብበት ነው፤ ካልኩለሱ ቁጥር ነው። ሁለቱንም «ኤፒ» ስለተባሉ ብቻ በአንድ ዓይን አትዩዋቸው። ሌላም አለ፦ አንዳንድ አውራጃዎች አማርኛ የሚችለውን ልጅ ፈትነው የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጡታል። ስፓኒሽ አንድ ብሎ ከመጀመር ነጻ የወጣ ሰዓት ለሳይንስ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የወደደውን ላንሳ፤ ልጁ ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ትምህርት መውሰዱን። ሲያትል ረኒንግ ስታርት ይሉታል፣ ሚኒሶታ ፒኤስኢኦ፣ ሌላ ቦታ ዱዋል ኢንሮልመንት። የኮሌጅ ክፍያው ስለሚቀንስ ለእኛ ቤት ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ግን ከኤፒ በምን እንደሚለይ እወቁ። የኤፒ ፈተና ሜይ ላይ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይታረማል። ልጁ 2 ቢያመጣ ለዩኒቨርሲቲ አለመላክ ይችላል። የኮሌጁ ሲ ግን የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል፤ አይጠፋም። ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል በ16 ዓመት የተወሰደውም የኮሌጅ ውጤት ተደምሮ ይቆጠራል። ሕግ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጃችንን ሐኪም እናደርጋለን የምንል ሰዎች ደግሞ ስንት እንደሆንን እናውቃለን። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ትምህርት፣ ያውም የሚችለውን ይውሰድ። ኬሚስትሪን እዚያ አይሞክር።

ስንት ኤፒ ይበቃል ለሚለው ቁጥር አልሰጥም። የልጁን ሌሊት እዩ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ታናሾቹን የሚጠብቅ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ ልጅ ቤቱ አስጠኚ ከተቀጠረለት ልጅ ጋር በቁጥር አይወዳደርም። ኮመን አፕ ላይ የቤተሰብ ኃላፊነት ራሱን የቻለ የእንቅስቃሴ ዓይነት ሆኖ የሚሞላበት ቦታ አለ። ልጆቻችን ግን «ይሄማ ምን ይጻፋል» ብለው ባዶ ይተዉታል። አስጽፏቸው።

ከባዱን መርጦ ገብቶ ካልሆነለትስ? በብዙ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምልክት ሳይቀመጥበት ወደ ኦነርስ መውረድ ይቻላል። ቀኑን ካሳለፋችሁት ግን ያቋረጠው ትምህርት ደብሊው (አቋርጧል ማለት ነው) ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። የ12ኛ ክፍልም እንዳያታልላችሁ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የግማሽ ዓመቱን ውጤት ይጠይቃሉ። ከተቀበሉት በኋላ ውጤቱ ቁልቁል ቢወርድ መቀበያውን መሰረዝም ይችላሉ።

ካውንስለሩ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። «ምን አለች?» ስትሉት «ጥሩ ነህ አለች» ብሎ ያሳጥርላችኋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።